የእናቴ እጅ የሰማ ቀን

ትናንት ባንክ ቤት የወረፋው ማሽን «ጢጥ» ሲል በድንገት ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

እናቴ ከመቱ ብዙም በማትርቀው ቡሬ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ጎረቤቶቻችን «እግዜር ያመጣው ነው፤ ምን ይደረጋል» ሲሉ እሷ ግን እኔን አስከትላ አውቶቡስ ተሳፍራ መቱ ሆስፒታል ሄደች። ፊዚዮቴራፒስቱ ጋሼ ቶሌራ ክንዷን በአልኮል ጠርገው፣ ከትንሽ ማሽን ጋር በሽቦ የተያያዙ ክብ ነገሮች ለጠፉባት።

«ማሽኑ እጅዎን አያንቀሳቅስም» አሏት። «ጡንቻዎ ትእዛዝዎን ሲሰማ ግን ይጮኻል። በሉ፣ ጣትዎን ለማጠፍ ይሞክሩ።»

እጅ እንዴት ይሰማል ብዬ ጆሮ ፈለግሁበት።

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ታገለች። ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ጣቷ ንቅንቅ አላለም፤ ማሽኑም ዝም አለ። ተስፋ ቆርጠን ልንተወው ስንል «ጢጥ» አለ፤ ከዚያም ደጋግሞ ጮኸ።

«ሰማኝ! እጄ ሰማኝ!» አለች እናቴ።

«ጃባዹ፣ አዴ! በርቱ!» አሉ ጋሼ ቶሌራ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ከእሷ ብሰው እየጮኹ።

ከዚያ ወዲህ ስንመላለስ ከረምን። አንድ ቀን ጋሼ ቶሌራ ማሽኑን አጠፉና እጄን መዳፏ ላይ አስቀመጡት። ጣቶቿ ቀስ ብለው ታጠፉ፤ ጨመቁኝም።

«አመመሽ?» አለችኝ።

«አዎ!» ስላት እልልታዋን አቀለጠችው።

ዛሬ እናቴ ቡሬ ውስጥ ስትሮክ የመታው ሰው እንዳለ ከሰማች ቤቱ ድረስ ትሄዳለች። «ተነሥ፣ ልብስህን ልበስ፤ መቱ እንሄዳለን» ትለዋለች።