የአባባ ማንኳኳት

አያቴ ካረፉ አርባ ቀን ሞላቸው። ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። ደከመኝ የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ቤታችን ኡራኤል አጠገብ፣ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ያኔ የጎረቤታችንን የእትዬ ዘነበችን በር አንኳኩተው «ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው» ይላሉ። ትንፋሽ እስኪሰበስቡ ጨዋታ ይቀጥላል።

በኋላ ሐኪማቸው ጡንቻቸው እየሳሳ መሆኑን ነግራን፣ ደረጃውን ቀስ እያሉ እንዲለማመዱ መከረቻቸው፤ የፕሮቲን ዱቄትም አዘዘችላቸው። ከአተር የተሠራ የጾም መሆኑን ሦስት ጊዜ አስነብበውኝ ነው የጀመሩት። ጠዋት ጠዋት በውሃ እየበጠበጥኩ እሰጣቸው ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ እሑድ የትም ሳይቆሙ ቤት ደረሱ። በደስታ አጨበጨብኩ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘነበች እያለከለኩ መጡ።

«አባባ፣ ምን አስቀየምንዎት? በራችንን እኮ ዝም ብለው አለፉት!»

አባባ ወደ እኔ ዞር ብለው «ይሄ ዱቄትሽ ከሰው ሊያጣላኝ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ጉልበት እያላቸውም አንድ ቀን ሳያንኳኩ አላለፉም።

ዱቄቱ ግማሽ ቆርቆሮ ቀርቷል። ትናንት ከሥራ ስመለስ፣ ሳይደክመኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆምኩ። እንደሳቸው ሁለቴ በቀስታ አንኳኳሁ።

«ይግቡ አባባ!» አሉ እትዬ ዘነበች ከውስጥ።

በሩ ብዙ ቆይቶ ነው የተከፈተው።