ሙስታንግ የቆመበት ቦታ

ይህ ነገር የጀመረው ዐምና በሚያዝያ ነው፤ ያበቃው ደግሞ ዘንድሮ በገና ሰሞን። አበቃ እላለሁ እንጂ ለእኔ አላበቃም። ከጓደኞቼ ጋር እየሳቅኩ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ስሄድ እንኳ ከኋላዬ የሚያነክስ ኮቴ የምሰማ ይመስለኛል። ምናልባት ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ ነው።

አባቴ አቃቂ በሰቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ጋሪ ነድቷል። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ግንባሩ ቦቃ የሆነ ዳማ ፈረስ ገዛ። በዚያው ሳምንት አንድ የጋራዥ ሠራተኛ የሚሮጥ ፈረስ ያለበት የመኪና ስቲከር ሰጠው፤ እሱም ጋሪው ጀርባ ላይ ለጠፈው።

«ፍሬ፣ እስቲ አንብቢው። ምን ይላል?» አለኝ።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቅሜ «ሙስታንግ» አልኩ።

«በቃ፣ ስሙ እሱ ይሁን» አለ። ሰፈሩም በዚያው ያዘው። ትርጉሙን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ በእንግሊዝኛ በማንበቤ ብቻ ኮርቼ ሰነበትኩ።

ሙስታንግ መንገድ አይረሳም። አንድ ጊዜ የቆመበትን ቦታ ይይዛል። ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ገበያው ጋ፣ ትምህርት ቤቴ በር ላይ፣ አባቴ ልጓሙን ሳይስብ ራሱ ይቆማል። አባቴም ተሳፋሪዎቹን «ሹፌሩ እሱ ነው፤ እኔ ረዳት ነኝ» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ዐምና የፊት ግራ እግሩ ተጎዳና ማነከስ ጀመረ። ታሸ፣ ታሰረለት፣ አልዳነም። አባቴ ጋሪውን ሸጦ በጓደኛው ባጃጅ መሥራት ጀመረ። በእኛ አካባቢ ባለጋሪዎች ዘንድ እንጀራ ያበላ ፈረስ አይገደልም፤ ይለቀቃል። ሣር ያለበት ቦታ ይወሰድና ልጓሙ ወልቆ ይተዋል። «ለፈጣሪ ሰጠነው» ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ አንድም ሰው ግን አያወራውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር «እኔ አልችልም» አለኝ። «አንቺ ውሰጂው። ስሙን ስትጠሪው ይከተልሻል።»

«የት ልውሰደው አባዬ?»

«ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አለፍ ስትዪ ሜዳ አለ። ልጓሙን አውልቂለትና ታክሲ ይዘሽ ነይ። ስትመለሺ ግን ስሙን እንዳትጠሪ።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን የታዘዝኩትን አሟልቼ መመስገን የምወድ ልጅ ነኝ። «ሙስታንግ፣ ና» እያልኩ ያን ሁሉ መንገድ ወሰድኩት። ሲደክመው ይቆማል፤ ስሙን ስጠራው እንደገና ይራመዳል። አስፋልቱ ዳር፣ ከሜዳው ጫፍ፣ አንድ ብሎኬት ማምረቻ አጠገብ ልጓሙን አወለቅኩለት። ሚኒባስ ገብቼ በኋላ መስኮት ሳየው ሣሩን አልነካም። ጆሮውን አቁሞ ወደ እኔ ያያል።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ በራችን ላይ አገኘነው። ጋሪው ድሮ ይቆምበት ለነበረው ባዶ ቦታ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እስኪጠምዱት እንደሚጠብቅ ቆሟል። እናቴ አይታው ወደ ጓዳ ተመለሰች። አባቴ ይዞት ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ብቻውን መጣ። ከዚያ ወዲህ ያን ስም በቤታችን ያነሳ የለም።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ከሌላ ቋንቋ በውሰት የመጡ ቃላትን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ዕጣ አስወጡን። እያንዳንዳችን የደረሰንን ቃል አጥንተን እንድናቀርብ ነው። የእኔን ስከፍተው «ሙስታንግ» ይላል። ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት።

«መምህር፣ መቀየር ይቻላል?»

«ዕጣ ምኑ ይቀየራል? ቀላል ነው የደረሰሽ» አሉ።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብኩ። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በሜክሲኮ ከሚነገረው ስፓኒሽ ነው። ባለቤት የሌለው፣ የባዘነ እንስሳ ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ የድሮ የስፔን ከብት አርቢዎች ማኅበር ስም አለ። አርቢዎቹ ተሰብስበው የጠፉትን እንስሳት ይለያሉ፤ ባለቤቱ የመጣው ይመለሳል፣ ጠያቂ ያጣው ለማኅበሩ ይቀራል። ስፔናውያን ወደ አሜሪካ ካሻገሯቸው ፈረሶች አምልጠው ሜዳ ላይ የተባዙት በዚህ ስም ተጠሩ። ከጊዜ በኋላ ስሙ የነፃነትና የፍጥነት ምልክት ሆኖ መኪና ላይ ወጣ።

ይህን ሁሉ አሳምሬ አቀረብኩ። ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ባለቤት የሌለው ፈረስማ የእኛም አስፋልት መሐል ሞልቷል። እነሱም ሙስታንግ ናቸው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። «አይደሉም፤ የእኛዎቹ አልጠፉም፣ ወስደን የተውናቸው እኛ ነን» ማለት ነበረብኝ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። መምህሩም አመሰገኑኝ።

በዚያው ቀን አባቴ ጋ ደወልኩ። «አባዬ፣ ያን ቀን ሙስታንግን የት ወሰድከው?»

የባጃጁ ሞተር ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ አጠፋው።

«እኔ አልወሰድኩትም» አለ። «እሱ ነው የወሰደኝ። ፊት ፊቴ ሄደና ብሎኬት ቤቱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥበቃው ነው ‹አንዲት ልጅ እዚህ ትታው ሄዳ ነበር› ያለኝ። ታውቂው የለም? አንዴ ካቆምሽው አይረሳም። አዲስ ፌርማታ የሰጠሽው መስሎታል።»

ለገና ወደ ቤት ስመጣ ቱሉ ዲምቱ ወረድኩ። የብሎኬት ማምረቻው ጥበቃ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቦቃ ፈረስ አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አንካሳው? ክረምቱን ሙሉ እዚህች ቆሟል» አሉና ከበሩ አጠገብ መሬቱን በዱላቸው አሳዩኝ። «የት እንደሚያድር እንጃ። ጠዋት ግን እንደ ሠራተኛ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ጆሮውን ያቆማል። ብናባርረው አይሄድ።»

«አሁንስ?»

«መስከረም ላይ አንድ ቀን ቀረ። በዚያው ቀረ።» ከዚያ ትንሽ አዩኝና «ምነው፣ ታውቂው ነበር?» አሉኝ።

«የእኛ ነበር» አልኳቸው። ክፍል ውስጥ ያጣሁት ቃል እዚያ ወጣልኝ፤ መስማት የነበረበት ፈረስ ግን አልነበረም።

ያሳዩኝ ቦታ ሣር አልነበረበትም። ዙሪያው የደረቀ ሣር ለብሶ እሱ የቆመበት ብቻ ተረግጦ ጠንክሯል።

አባቴን አልወቀስኩትም፤ ስሙን እየጠራሁ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አሁንም ወደ ትምህርቴ ስሄድና ስመለስ በዚያ አልፋለሁ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ከመስኮቱ ፊቴን አዞራለሁ። ሚኒባሱ እዚያ ባይቆም ደስ ይለኛል፤ የሚጠብቅ ካለ በከንቱ ጆሮውን እንዳያቆም።