ከዐብደላ ማኪና የወጣው ብረት

አምሐ ጎንደር ውስጥ፣ ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ፣ የቆርቆሮ መብሻና ቅርጽ ማውጫ ስታምፖ የሚሠራ ሰው ነው። የበር ማጠፊያና የቡሎን ሮንዴላ የሚያመርቱ ሁሉ ያውቁታል። ለሥራው የሚሆን ብረት እንደልብ ስለማይገኝ ከተሰባበሩ ማኪናዎች ይመርጣል። ብረቱን መሞረጃው ግራይንደር ላይ አስነክቶ የእሳት ፍንጣሪውን ያያል። ፍንጣሪው ቅርንጫፍ አውጥቶ ከፈነዳ ብረቱ እሳትና ዘይት ሲያገኝ ይጠነክራል፤ ልሙጥ ሆኖ ከወረደ ለስላሳ ነው፣ ይተወዋል።

ባለፈው ክረምት ፈህሚያ የምትባል ሴት አንድ ዘንግ ሸጠችለት። ባሏ ዐብደላ ከኮላ ድባ ወደ ደባርቅ እህል ሲያመላልስ ኮሶዬ ላይ ተገልብጦ የሞተ ሾፌር ነው። ዘንጉ ከማኪናው መሪ የወጣ ሲሆን፣ የተሰበረ ጫፉን ግራሶና ጭቃ ሸፍኖታል። ፍንጣሪው ሸጋ ነበርና አምሐ ደስ ብሎት ወሰደው።

የጋለ ብረት መልኩ የሚለየው በጨለማ ስለሆነ አምሐ በጠራራ ፀሐይም መስኮቱን ይዘጋል። ከዘንጉ ቆርጦ ከሠራቸው አንዱን መብሻ የበሰለ ቲማቲም እስኪመስል አግሎ ዘይት ውስጥ ነከረው፤ አውጥቶም ብረት መያዣው ሞርሳ አጠገብ አስቀመጠው። ወዲያው ከኋላው አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ደንበኛ መስሎት በሩን ከፈተ። ማንም የለም። ሲመለስ መብሻው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

የጠነከረ ብረት እንደገና ለስለስ ባለ እሳት ቶሎ ካልረገበ በተቀመጠበት እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። ስለዚህ ቀጣዩን ሳይውል ሳያድር የገለባ መልክ እስኪይዝ አረገበው። እሱም ተሰነጠቀ፤ ከመሰንጠቁ በፊትም ያው ድምፅ ተሰማ። ብረት ሲሰነጠቅ ጠሽ ይላል። ይህ ግን የሰው ጉሮሮ ነው።

ጥፋቱ ከብረቱ እንደሆነ ጠርጥሮ የተሰበረውን ጫፍ በነጭ ጋዝ አጠበው። የስብራቱ አብዛኛው ፊት የጠቆረና የዛገ ነው፤ አዲስ ስብራት ሆኖ የሚያብረቀርቀው ዳር ላይ ያለው ጥቂቱ ብቻ ነው። አምሐ ፈህሚያን አስጠራት።

ዐብደላ የተገለበጠው መሪ ላይ ተኝቶ ነው ተብሎ ነበር። አብሮት የተሳፈረ ሰውም ስለሞተ የገዛ አባቱ አብዱልመናን እንኳ የዐብደላን ስም አያነሡም። አምሐ የጠቆረውን አሳያት።

«አልተኛም ማለት ነው?» አለችው።

«የጠቆረው ከመገልበጡ በፊት ሲሰነጠቅ የቆየው ነው። የቀረው ሲበጠስ መሪው ከእጁ ወጥቶበታል።»

ሊነግራት ያላሰበውን የድምፁንም ነገር ነገራት። እሷም እፊቷ አንድ ቁራጭ እንዲያግል ለመነችው። መስኮቱን ዘጋ፤ ብረቱ ቀላ፤ ዘይቱ ውስጥ ገባ። በጨለማው ውስጥ ቆመው ጠበቁ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱ ነው» አለች ፈህሚያ በዝግታ። «ቤት ሴት እንግዳ ካለ እንድትሸፋፈን ብሎ ሳይገባ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። አያ አምሐ፣ በሩን ይክፈቱለት።»

አምሐ ከፈተ። የገባ ሰው አላየም፤ የምድጃው ከሰል ግን አንድ ሰው አጠገቡ ያለፈ ይመስል ቦግ ብሎ ተመልሶ ጠቆረ።

ፈህሚያ የተሰበረውን ጫፍ ለአብዱልመናን ወስዳ ነገሩን አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ጣታቸውን ጥቁሩ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ የልጃቸውን ስም ጠሩ፤ ዱዓ ሊያደርጉለትም ወደ መስጊድ ሄዱ።

አምሐ የቀረውን ዘንግ እሳት አላስነካውም። ሳይሰነጠቅ የወጣ አንድ መብሻ ግን ነበር፤ ያ ድምፅ ከመሰማቱ በፊት እንፍራንዝ ላለ ማጠፊያ ሠሪ ሸጦት ነበር። ከጥምቀት በኋላ ሰውየው መብሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጠርዙ ገና አልዶለዶመም።

«ምነው መለስከው?» አለው አምሐ።

«እኔ ብቻዬን ነው የምሠራው፤ በሩን ብከፍትም ማንም የለም» አለና ሰውየው ወጥቶ ሄደ።