የጦይባ ፌይጆዋዎች

ጦይባ ዓረብ አገር፣ ሐዝሚዬ በሚባል ሰፈር፣ እማዳም ሎሪስ ቤት በሠራተኝነት ከገባች ወዲህ፣ በዚያ አገር የእኔ የምትለው ነገር ቢኖር ከጓሮ ያሉት፣ ጓቫ መሳይ ፍሬ የሚሰጡ ሁለት የፌይጆዋ ቁጥቋጦዎች ብቻ ናቸው። ማዳም በልተው ከጣሉት ፍሬ ዘሩን ለቅማ፣ በባዶ የለብኔ እርጎ ባልዲ አብቅላ፣ እንደ ልጅ ያሳደገቻቸው እሷ ናት።

የማዳም ልጅ ናጂ በብርዱ ወራት መጣና ጓሮውን ዞሮ አየ። የቧንቧው ውሃ እየጠፋ ስላስቸገረ እዚያ ላይ የውሃ ማጠራቀሚያ ኸዛን ሊያስቀምጥ ፈለገ። ቁጥቋጦዎቹ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ረቡ፣ ዘንድሮ ካላፈሩ ይነቀላሉ፣ ኸላስ አለ። ማዳምም ልጃቸው ካለ አለ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጦይባን እህል ውሃ አላሰኛት አለ። በግንቦት ቁጥቋጦዎቹ አበቡ፤ ነጭ ወፍራም አበባ፣ መሃሉ ቀይ። ደስታዋ ግን አልቆየም፤ ወፎች እየመጡ አበባውን ይቦጭቁት ጀመር። ጦይባ ደግሞ ባቲ፣ ከማሽላ ማሳ ማማ ላይ ወንጭፍ እያጮኸች ያደገች ናት፤ ለእሷ ወፍ ማለት ሌባ ነው። አሮጌ ስስ መጋረጃ አምጥታ ቁጥቋጦዎቹን እንደ ሙሽራ አከናንባ እፎይ አለች።

አበባው ግን ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፍ ገባ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። መድኃኒት ልትገዛ ደክዋኔ ሰፈር፣ ያህያ ወደሚባል ችግኝ ሻጭ ሮጠች። ሰውየው የመጋረጃውን ነገር ሲሰማ ሳቀባት። የዚያን አበባ ዱቄት ካንዱ ወዳንዱ አድርሰው ፍሬ የሚያስይዙት እነዚያው ወፎች ናቸው፤ አንቺ በር ዘጋሽባቸው አላት።

ጦይባ የምትገባበት ጠፋት። በገዛ እጄ ገደልኳቸው ብላ እያለቀሰች መጋረጃውን ገፈፈችው። የቀረው ከጫፍ ከጫፉ ያለው ጥቂት አበባ ነበር። ወፎቹ ሲመጡ እሽ ሊል የሚቃጣውን አፏን ይዛ፣ ብሉ፣ ባካችሁ ብሉ እያለች ከመስኮት ትለምናቸው ነበር። የዚያ አገር በጋ እስኪያልፍ ልቧ ተንጠልጥሎ ከረመ።

በጥቅምት መጨረሻ ናጂ ቆፋሪ ይዞ መጣ። ፌይጆዋ ቢበስልም መልኩ እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ነውና ዛፉ ላይ ምንም አልታየውም። ጦይባ በስለው መሬት ከወደቁት ለቃቅማ በሳህን አቀረበችለት። አንዱን ከፍሎ በማንኪያ ቀመሰ፤ ደገመ። አባቴ ነው ወይ የተከላቸው ብሎ እናቱን ጠየቀ። ማዳም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ከዘር ያበቀለቻቸው እሷ ናት አሉት።

ናጂ ቆፋሪውን በእጁ አስቆመው።

«ያኒ፣ ያንቺ መሆናቸውን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ሚስተር?» አለችው ጦይባ።