ልጄን አታንሱብኝ
የአቃቂ ሰው ርኅራኄ ሊገድለኝ ነበር! ልጄን ልምሻ መትቷት ግራ እግሯ የሰለለ ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ ያለነው መንደርተኞች በሙሉ አሳዳጊዎቿ ሆንን። ትንሽ ከተንገዳገደች ያየ ሁሉ «እኔን! እኔን!» እያለ ይሮጥና አፈፍ ያደርጋታል። እኔማ ባሰብኝ፤ እስከ ስድስት ዓመቷ ድረስ ከጀርባዬ አላወረድኳትም።

ታዲያ አንድ ቀን ከቃሊቲ በኩል ሲስተር በጋሪ መጣች። ሲስተር የምንላት በልማድ ነው እንጂ፣ ሥራዋ የገጠር ልጆችን ቤት ለቤት እየዞረች እግራቸውን ማለማመድ ነው። ለልጄ በልኳ የተሠራ የብረት ድጋፍና ክራንች አመጣችላት። ክረምት ሳይገባ ልጄ ግቢውን ዞረችው! ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ መንደሩን እያዳረስኩ ለፈለፍኩ። ሲስተር ግን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቷን አጨማደደች።

«መራመዱስ ደግ። ስትወድቅ ማን ያነሳታል?» አለችኝ።

«እኔ ነኛ! እኔ ከሌለሁ ጎረቤት።»

«ትምህርት ቤትስ? መምህሩ ብቻዋን መነሳት ካልቻለች አልቀበላትም ብሏል። ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካት። አንቺም ጭምር!»

በሆድ መገልበጥ፣ ክራንቹን መደገፍ፣ ብረቱን ቀጥ አድርጎ ቀስ ብሎ መነሳት። እንዲህ ነው ያሳየችን። ጎረቤት እንዳይደርስብን የግቢውን በር ዘግቼ አለማመድኳት። ግማሽ ድረስ ትነሳና ያቅታታል። አንጀቴ አልችል ይላል፤ አነሳታለሁ።

መስከረም ሊጠባ ጥቂት ሲቀረው የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። በደርግ ጊዜ ከስብሰባ መቅረት የት አለ! ሁላችንም ሜዳው ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተኮለኮልን፤ ልጆች ዳር ላይ ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ። ሊቀመንበሩ «ጓዶች!» ብሎ ድምፁን ሲያሳምር፣ ልጄን ሜዳው መሃል ጭቃ አንሸራተታትና ዘጭ አለች።

«እኔን!» ስብሰባው ብድግ። ፈጥነው የደረሱት አሮጊቷ ጎረቤቴ ናቸው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዘልዬ ፊታቸው ተገተርኩ።

«እማማ፣ ይተዉአት! ማንም እንዳይነካት!»

«አበድሽ እንዴ አንቺ? የእንጀራ እናቷ ነሽ?»

«አዎ፣ ልሁን! ወደ ኋላ በሉልኝ!»

ልጄ ቀና ብላ «እማዬ» አለችኝ። አልሄድኩም። እንባዬ ይወርዳል፣ ግን አልሄድኩም። ይኼኔ በሆዷ ተገለበጠች። ክራንቿን ጭቃው ውስጥ ተከለች። ግማሽ ድረስ ተነሳች፣ ተንገዳገደች፣ ሰዉ ሁሉ «ውይ!» አለ። ብረቱ ቀጥ አለ። ቆመች! ቆመች እኮ ነው የምላችሁ!

እልልታው ቀለጠ። የሰደቡኝ አሮጊት ነጠላቸውን እያውለበለቡ ከሁሉም በላይ እልል አሉ። እኔ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ፤ ወደ እቅፌ የምትመጣ መስሎኝ። ልጄ ግን በአጠገቤ አለፈች። ሜዳው ዳር ቅልብልቦሽ የሚጫወቱት ልጆች ዘንድ ደርሳ፣ «ተራው የማን ነው?» አለቻቸው።