አባቴ ዳይፐር የገዛልኝ ቀን

የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ሃና "ማሚ፣ ደም አየሁ" ብላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። ቡልቡላ ካለው ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ የዝናብ ሽታ ሲገባ፣ በሩ ላይ እየተንቆራጠጥኩ አባቴ ትዝ አለኝ።

እናቴ ከሞተች በኋላ ሾላ ገበያ አጠገብ የምንኖረው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። እኔም መጀመሪያ ደም ያየሁ ቀን፣ ልብሴን አይቼ ልሞት ነው ብዬ አለቀስኩ። አባቴ በዝናብ ሮጦ ወጣና ኮቱ በስብሶ ተመለሰ። ፌስታሉን ስከፍተው የሕፃን ዳይፐር ነው።

"ባለሱቋን መጠየቅ አፍሬ ነው" አለ መሬት መሬት እያየ። "አይዞሽ፣ በሽታ አይደለም። ግን ይኼ ለብቻዬ አይሆንልኝም።" ይህን ብሎ ተመልሶ ወጣ።

ለአክስቴ ሊሰጠኝ መስሎኝ ልብሴን በሻንጣ መክተት ጀመርኩ። እሱ ግን ጎረቤታችንን እትዬ አስካለን ይዞ መጣ። እሳቸው ሲያስረዱኝ ውጭ ቆሞ "ገባት? ገባት?" ይል ነበር።

ይህን ሁሉ ለሃና በበሩ በኩል ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"አንቺስ አሁን ፈርተሻል?"

"በጣም።"

በሩ ተከፈተ። "ነይ ግቢ" አለችኝ።