የአባቴ ደም ሥር በፍልሰታ

አባቴ የገነተ ማርያም ቄስ ነበሩ። ቀኝ እግራቸውን መታመም የጀመሩት የአራቱ ፓርቲዎች ግንባር አገር ይገዛ በነበረባቸው የመጨረሻ ዓመታት፣ ላሊበላ ላይ ሆቴል በሆቴል አጠገብ በሚሠራበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ዳገት ሲወጡ ባታቸውን ያዛቸው። ቆም ሲሉ ይለቃቸዋል፤ እንደገና ሲሄዱ ይይዛቸዋል። ብርድ ነው አሉ። ዓመት ሳይሞላ የአውራ ጣታቸው ጫፍ ጠቆረ። ብርድ ጣት እንደማያጠቁር ብነግራቸው የላስታን ብርድ ከተማ ገብተህ ረስተኸዋል አሉኝ።

እኔ አዲስ አበባ በዘጋቢነት እሠራ ነበር። በሰኔ አምጥቼ አሳየኋቸው። የመረመራቸው ሐኪም ጎልማሳ ነው፤ ቃል አያባክንም። ከጉልበት በላይ ያለው ደም ሥር ሊዘጋ ደርሷል፣ ካልተከፈተ እግሩ ይቆረጣል አለ። አባቴ እስከዚያ ድረስ ወደ ግድግዳው ነበር የሚያዩት። ይህን ሲሰሙ ዞሩ።

“እግሩ የተቆረጠ ቄስ መቅደስ አይገባም” አሉ።

“እንግዲያው እንክፈተዋ፣ አባቴ” አላቸው ሐኪሙ።

እንዴት እንደሚከፈት ጠይቄ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። እግር በቢላ አይቀደድም። በብሽሽት በኩል ቀጭን ሽቦ ደም ሥር ውስጥ ይገባል፤ በሽቦው ላይ ትንሽ ፊኛ ተከትሎ ይሄድና የጠበበው ቦታ ላይ ሲደርስ ይነፋል። ሐኪሙ የሚሠራው እግሩን እያየ ሳይሆን ስክሪን እያየ ነው። ራጅ ግን አጥንት እንጂ ደም ሥር አያሳይም። ስለዚህ ቀለም የሚሉትን ፈሳሽ ይረጫሉ፤ ቀለሙ በደም ሥሩ ሲያልፍ ለጥቂት ሰከንድ መንገዱ ይታያል፣ ከዚያ ይጠፋል። ለማየት በፈለጉ ቁጥር ደግመው መርጨት አለባቸው። ቀለሙ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ የደከመ ኩላሊት ላይ ከረጩት ያንኑ ኩላሊት ይጎዳል።

ዕቃውን ይዘው ከውጭ የሚመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። በነሐሴ አንድ ሳምንት ብቻ ከሐኪሙ ጋር ይሠራሉ። የአባቴ ስም በዝርዝሩ ገባ። የተሰጠን ትእዛዝ አንድ ነው፦ አባቴ ወደ አዲስ አበባ ከመምጣታቸው በፊት ባሉት አራት ቀናት ውኃ በደንብ ይጠጡ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ኩላሊታቸው ድርቀት አይችልም።

ነሐሴ ፍልሰታ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አባቴን ስጠይቃቸው ለሕመምተኛ ሥርዓት አለው፣ እጠጣለሁ አሉ፤ ነገሩ አለቀልኝ። በአራቱ ቀናት በየማታው ለእህቴ ደወልኩ። እሷ ናት አብራቸው የምትኖረው። ውኃ ጠጥተዋል ወይ ስላት ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ትጠይቃቸውና ጠጥቻለሁ ብለዋል ትለኛለች። ማስታወሻዬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አራት ቀን፣ አራት ምልክት።

ልወስዳቸው ስሄድ ክረምቱ መንገዱን አበላሽቶት መኪና መንደሩ ድረስ አልገባም። በበቅሎ ወጥተው መንገድ ዳር አገኘኋቸው። ፊታቸው ከስቶ ነበር። ጾሙ ነው ብዬ አለፍኩት። ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ጉሙ እስኪገፈፍ ግማሽ ቀን ጠበቅን፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ገብሱ አወራን።

አዲስ አበባ በማግስቱ ደማቸው ተመረመረ። ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ መጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

“አባቴ፣ ውኃ ይጠጡ ነበር?”

“እጠጣ ነበር።”

“በቀን ምን ያህል?”

መዳፋቸውን አጎድጉደው አሳዩት። “ከቅዳሴ በኋላ ጠበሉን ይቺን ታህል። ማታ ደግሞ ከእህል ጋር አንድ ብርጭቆ።”

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ አባቴን አየሁ። ጠጥቻለሁ ብለውኝ አልነበረም ወይ አልኳቸው።

“ጠጡ ወይ አላችሁ፣ ጠጣሁ አልኩ። ስንት ብትሉኝ ስንቱን እነግራችሁ ነበር። ጠያቂው አንተ ነህ፤ እንጀራህም እሱ ነው።”

ሌላ ሰው ስለ መጠኑ ሳይጠይቅ ዜና ቢያመጣልኝ መልሼ እሰደው ነበር።

ሐኪሙ ኩላሊቱ ተዳክሟል፣ ዛሬ ቀለም አልረጭም አለ። ያለ ቀለም አይቻልም ወይ አልኩት። በቀለሙ ፈንታ ጋዝ ረጭተው የሚያዩ አገሮች አሉ፣ እኛ ጋ መሣሪያው የለም አለ። ባልታየ መንገድ ሽቦ ቢገፋ ደም ሥሩን ሊበሳው ይችላል። ግሉኮስ አስጀመራቸው። ባለሙያዎቹ ከዚህ በኋላ የሚቆዩት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ የኩላሊቱን ድካም የሚያሳየው የደም ምርመራ ቁጥር ከወረደ በመጨረሻው ቀን በመጨረሻው ተራ ሊያስገባቸው ይሞክራል፤ ካልወረደ ለከርሞ። ጣቱ ለከርሞ እንደማይጠብቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

ኮሪደር ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩ። ሁሉንም ታውቅ ነበር። ለቅዳሴ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ቄሶች ናቸው። ከአባቴ ጋር ሱባኤውን የያዙት ሌሎች ሁለት ቄሶች ነበሩ። አንደኛቸው ዝናብ ላይ ተንሸራተው ክንዳቸው ተሰበረ። አባቴ ከወጡ አንድ ቄስ ይቀራል፣ ቅዳሴውም ይታጎላል። የሚቀድስ ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ አይቀምስም። ከመሄጃቸው ቀን ጀምሮ የሚቀድስ ሌላ ቄስ ከላሊበላ ተገኘ፤ ከዚያ በፊት ላሉት ቀናት ግን የሚተካቸው አልነበረም።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

“ብነግርህ ምን ልታደርግ? ከአዲስ አበባ ሆነህ ትቀድስ ነበር?”

“ውኃ እንዲጠጡ አደርግ ነበር።”

“በማርያም ጾም፣ በማርያም ቤት፣ በእኛ አባት ምክንያት ቅዳሴ ታጎለ ይባል? ከዚያ በኋላ የማን ልጅ ነኝ ብዬ ውኃ ልቀዳ እወርዳለሁ?”

ስልኩን ዘጋሁት። በማን ላይ እንደምናደድ ለመወሰን ሞከርኩ፤ ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። አባቴ ያን እግር ለማዳን የፈለጉት መቅደስ እንዳይከለከሉ ነው፤ ሊያጡት የተቃረቡትም መቅደሱን አላስታጉልም ብለው ነው። ይህን ልነግራቸው ገብቼ ክንዳቸው ላይ የተሰካውን መርፌ እያዩ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ አገኘኋቸው። ተውኩት።

በመጨረሻው ቀን ቁጥሩ ወረደ፤ ግን ሐኪሙ የሚፈልገውን ያህል አልነበረም። ቀለሙን ቀንሼ እሞክራለሁ አለ። ቀለም ሲቀንስ የሚታየውም ይቀንሳል። አባቴ እሺ አሉ፤ ፈረምኩ።

ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ እንዳይ ተፈቀደልኝ። ስክሪኑ ላይ የጭን አጥንት ብቻ ነበር። ቀለሙ ሲረጭ ጥቁር መስመር ወረደና ከጉልበት በላይ ቀጥኖ ቆመ። ሽቦው መስመሩ የቆመበት ቦታ ደረሰ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ገፋ። ብዙ ጊዜ ፈጀ። በመጨረሻ አለፈ። ፊኛው ተነፋ። ሁለተኛ ሲረጩ መስመሩ ጉልበቱን አልፎ ወረደ፤ ከባት በታች ግን እየደበዘዘ ጠፋ። ከውጭ ከመጡት አንዱ ሌላ እንርጭ ብሎ በእጁ አመለከተ። የእኛ ሐኪም እስከዚያ የረጩትን መጠን አየና አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሲወጣ ጓንቱን ሳያወልቅ ነገረኝ።

“ላይኛውን ከፍቼዋለሁ። ከታች ምን እንዳለ አላየሁም። ያላየሁትን አልነካም።”

ኩላሊታቸው በሳምንት ውስጥ አገገመ። ባለሙያዎቹ ግን ሄደው ነበር። እግራቸው ሞቀ፤ ቁስሉ ግን ወደ ሁለተኛው ጣት ተዛመተ። በመስከረም ሁለቱ ጣቶች ደሴ ላይ ተቆረጡ።

ጣት የጎደለው ቄስ ይቀድሳል ወይ ብዬ ሁለት ሊቃውንት ጠየቅሁ። አንደኛው ክልከላው ገና ክህነት ለሚቀበል ነው፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ የደረሰበትን አይመለከትም አሉ። ሌላው አካሉ የጎደለ መሥዋዕት አያቀርብም አሉ። ሁለቱንም ለአባቴ ነገርኳቸው፤ የመጀመሪያውን አስረግጬ ነገርኳቸው። ሁለተኛውን መረጡ።

ሐኪሙ ከወራት በኋላ ደውሎ እንዴት ናቸው አለኝ። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት ሳይቆሙ እንደሚወጡት ነገርኩት። ደስ አለው። የተሳካ ሥራ ብሎ እንደሚመዘግበው ገመትኩ፤ አይሳሳትም፣ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምጽፈው። አባቴ ዳገቱን ይወጣሉ፤ ከመጋረጃው ውጭ፣ ከሕዝቡ ጋር ቆመው ያስቀድሳሉ። ከዚያ ፍልሰታ ወዲህ ቀድሰው አያውቁም።